የተፈታው ብልሽት የት ተመዘገበ? የአቻ እርዳታ እንደ ምርምር ዘዴ አካል

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፍ ለግምገማ በሚቀርብበት ዕለት ገምጋሚዎች ስለ ናሙናው አመራረጥ፣ ስለ መጠይቁ አዘገጃጀትና ስለ ትንተናው ስልት በዝርዝር ይጠይቃሉ። አንድ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ይኸውም «በሥራው መካከል ስክሪፕቱ፣ የመረጃ ቋቱ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲታወክ ማን አስተካከለው? ምንስ አድርጎ አስተካከለው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የማይነሣው ችግሩ ስለማያጋጥም አይደለም። በኮምፒዩተር የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ለትንተና ያሰበውን ሳምንት ብልሽት ሲፈልግ ያሳለፈበት ጊዜ አለው። ብልሽቱም ብዙ ጊዜ የሚፈታው በመመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በአጠገቡ በተቀመጠ ባልደረባ እርዳታ ነው። ጥያቄው የማይነሣው ነገሩ ከምርምሩ ውጪ ያለ ተራ ጣጣ ተደርጎ ስለሚታይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ይህ አመለካከት ስሕተት ነው የሚል ነው። ብልሽትን ለመፍታት የተወሰደ እርምጃ መረጃውን ሊለውጥ ይችላል፤ መረጃውን የሚለውጥ ነገር ሁሉ ደግሞ የምርምር ዘዴው አካል ነው። ስለሆነም የአቻ እርዳታ ሊበረታታ ይገባዋል፤ ከዚሁ ጋር በሥርዓት ሊጠየቅና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባዋል። መዝገብ የሌለው እርዳታ ተማሪውን ከዕለቱ ጭንቀት ሲያወጣው፣ ጥናቱን ግን ማንም ወደማያየው ስሕተት ሊመራው ይችላል።

የጥቅምት 30 ምስክርነት

ለማሳያ የሚከተለውን ሁኔታ እንመልከት። አንድ የጤና ሳይንስ ተማሪ ከጤና ጣቢያ መዛግብት የታካሚዎችን የመጀመሪያ ጉብኝትና የክትትል ቀን ይሰበስባል እንበል። መዛግብቱ የተጻፉት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ተማሪው ቀኖቹን እንዳሉ፣ ዓመት፣ ወርና ቀን ብሎ፣ በማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ውስጥ ለቀን በተመደበው ዓምድ ያስገባል። ሥራው ለብዙ ገጾች ያለ እንከን ይሄዳል። ጥቅምት 30 ላይ ሲደርስ ግን ቋቱ ቀኑ ትክክል አይደለም ብሎ አልቀበልም ይላል።

ተማሪው ከጎኑ ያለውን ጓደኛውን «ዳታቤዙ እምቢ አለኝ፤ እስቲ እየው» ይለዋል። ጓደኛው ቅን ነው፤ እጁም ፈጣን ነው። የቋቱን ጥብቅ የፍተሻ ሥርዓት ያጠፋዋል። የስሕተት መልእክቱ ይቀራል፤ ረድፎቹ ይገባሉ፤ ሁለቱም ቡና ሊጠጡ ይወጣሉ።

ቋቱ በውስጡ የሠራውን ግን ማንም አላየም። ጥብቅ ፍተሻው ሲጠፋ ማይኤስኪውኤል ትክክል ያልሆነውን ቀን በዜሮዎች ተክቶ ያስቀምጠዋል። በጥቅምት 30 የመጣው ታካሚ በዚህ መንገድ ቀን የሌለው ታካሚ ሆነ። ይህ ራሱ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ነገር ግን የከፋው ጉዳት ያለው ቋቱ እምቢ ባላቸው ቀኖች ላይ ሳይሆን እሺ ባላቸው ላይ ነው።

ቋቱ ሁለተኛውን ወር የሚያነበው ፌብሩዋሪ ብሎ እንጂ ጥቅምት ብሎ አይደለም። ፌብሩዋሪ 28፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 29 ቀን ስላለው ጥቅምት 30 ለእርሱ የሌለ ቀን ነው። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች አያውቃትም። ሌሎቹ የጎርጎርዮስ ወሮች 30 ወይም 31 ቀን ስላላቸው የእኛን ባለ 30 ቀን ወሮች ያለ ተቃውሞ ይቀበላሉ። እንግዲህ በተለመደው ዓመት ከ365 ቀኖች መካከል ስሕተቱን የሚያጋልጡት ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30 እና አምስቱ የጳጉሜ ቀኖች፣ በድምሩ ሰባት ቀኖች ብቻ ናቸው። የቀሩት 358 ቀኖች በጸጥታ ይገባሉ።

በጸጥታ የገቡት ቀኖች የሚያስከትሉት መዘዝ የሚታየው ስሌት ሲጀመር ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ቋቱ ግን 28 ወይም 29 ብሎ ይቆጥረዋል። ከጥር 1 እስከ የካቲት 1 ያለው 30 ቀን ሲሆን ቋቱ 31 ይለዋል። ከነሐሴ 1 እስከ ተከታዩ መስከረም 1 ያለው ጊዜ ጳጉሜ አምስት በሆነችበት ዓመት 35 ቀን ነው፤ ቋቱ አሁንም 31 ይለዋል። ጥናቱ «ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ ለክትትል ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጥር 1 ታይቶ የካቲት 1 በቀጠሮው የተመለሰው ሰው እንደ ዘገየ ይቆጠራል፤ በነሐሴ አጋማሽ ታይቶ በ33ኛው ቀን፣ በመስከረም፣ የመጣው ሌላው ደግሞ በጊዜው እንደመጣ ሊመዘገብ ይችላል። ሰንጠረዡ ያማረ፣ ስሌቱም የተሟላ ይመስላል፤ መደምደሚያው ግን በተዛባ መሠረት ላይ ቆሟል።

ትክክለኛው መፍትሔ አስቸጋሪ አልነበረም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቀን እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጣል፤ በሌላ ዓምድ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተለወጠው ቀን ይገባል፤ ልወጣውም በታወቁ ቀኖች ይፈተሻል። ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ኖቬምበር 10 ቀን 2023 መሆን አለበት። ወደዚህ መፍትሔ ለመድረስ ግን አንድ ሰው «ይህን መልእክት እንዴት ላጥፋው?» ከማለት ይልቅ «ይህ መልእክት ምን እየነገረኝ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሰባቱ ቀኖች ምስክሮች ነበሩ። ጓደኛው በቅንነት ዝም ያሰኘውም እነዚያን ምስክሮች ነው።

ምልክቱ በአንድ ቦታ፣ ምክንያቱ በሌላ

የኮምፒዩተር ብልሽት አስቸጋሪ የሚሆነው ምልክቱ የሚታይበት ቦታና ምክንያቱ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ ነው። ከሃርድዌር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ ኮምፒዩተሮች ማዘርቦርድ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ ሲ አር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ሲለያይ ሰዓቱንና ቀኑን የምታስቀጥለው እርሷ ናት። ባትሪዋ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። ተማሪው የሚያየው ግን ባትሪዋን አይደለም። ድረ ገጽ ሲከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል፤ የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ የመጀመሪያና የማብቂያ ቀን ስላለው፣ በስሕተተኛ ሰዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ማረጋገጫውን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል። ተማሪው «ኔትወርክ ተበላሽቷል» ብሎ ይሄዳል፤ የኔትወርክ ባለሙያውም መስመሩን ፈትሾ ምንም አላገኘሁም ይላል።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ የጊዜ ብክነት ብቻ በሆነ ነበር። ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘና የመለኪያ መሣሪያ የሚቆጣጠር የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ሰዓቱን የሚያርምበት ምንጭ የለውም። በዚያ ኮምፒዩተር የተመዘገበው ልኬት ሁሉ የሐሰት ቀን ይዞ ይወጣል። ተማሪው በኋላ ፋይሎቹን በቀን ቅደም ተከተል ሲደረድራቸው የመጨረሻው ሙከራ ከመጀመሪያው በፊት ይቆማል። ባትሪውን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን የተሰበሰበው ልኬት የተሳሳተ ሰዓት እንደያዘ ካልተጻፈ ግን ጥገናው ኮምፒዩተሩን እንጂ መረጃውን አላዳነም።

በግዕዝ ፊደል የሚሠራ ተመራማሪ ደግሞ ሌላ ፈተና ያውቃል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሆኖም እስከ ስምንተኛው እትም ድረስ የማይኤስኪውኤል ነባሪ አጻጻፍ ላቲን-1 ነበር። በዚህ የተነሣ በአማርኛ የገባ ስም ተመልሶ ሲወጣ እንግዳ ነገር ሆኖ ሊታይ ይችላል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ባልደረባ የሚለየው ሦስት ምልክት አለ። በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ከታየ፣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ የፊደል ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት ነው፤ መረጃው ደኅና ነው። በአንድ ፊደል ቦታ ሦስት ያህል እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከታዩ፣ ባይቶቹ ሳይጠፉ በተሳሳተ አጻጻፍ እየተነበቡ መሆናቸው ይገመታል፤ መረጃው ሊመለስ ይችላል። በአንድ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ከታየና በቋቱ ውስጥ የተቀመጠውም እርሱ ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከወረቀቱ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

ሦስቱን ሁኔታዎች ባለቤቱ በአንድ ቃል «አማርኛው ተበላሸ» ይላቸዋል። ያልተረዳ ረዳት ሁለተኛውን ሁኔታ ሊያስተካክል ሲል መረጃውን በላዩ ላይ ጽፎ ወደ ሦስተኛው ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ የጥሩ ረዳት የመጀመሪያ ምክር ብዙ ጊዜ «ምንም አትንካ፤ አስቀድመህ መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ» የሚል ነው።

የሁለተኛ ዓይን ዋጋ

እስካሁን ያልኩት የአቻ እርዳታን የሚያጣጥል እንዳይመስል ተቃራኒውን ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በማኖዋ የሚሠሩ ኬሚስቶች አንድ አስገራሚ ግኝት አሳተሙ። በ2014 ከታተመ የአሠራር መመሪያ ጋር የቀረቡና ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው የፓይተን ስክሪፕቶች፣ ያንኑ መረጃ ይዘው በተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ የተለያየ ውጤት ይሰጡ ነበር። ጉዳዩ የወጣው አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የባልደረባውን ስሌት ደግሞ ሲሠራ የተለየ ቁጥር ስላገኘ ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ስክሪፕቱ ፋይሎቹ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይደርሱኛል ብሎ ያምን እንደነበር ታወቀ። ፋይሎቹን የሚዘረዝረው የፓይተን መሣሪያ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይለያያል። መፍትሔው ፋይሎቹን አስቀድሞ መደርደር ብቻ ነበር። ስሕተቱ ግን ለዓመታት ያልታየው ስክሪፕቱ አንድም የስሕተት መልእክት ስላላወጣ ነው። ያጋለጠው የሁለተኛ ሰው ኮምፒዩተር ነው።

ሌላው ምሳሌ ከኢኮኖሚክስ ነው። ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ የመንግሥት ዕዳቸው ከአገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች፣ ማለትም 0.1 በመቶ መቀነስ መሆኑን አመልክተው ነበር። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኸርንደን ውጤቱን ለመድገም ሞክሮ ስላልተሳካለት ደራሲዎቹን የሥራ ፋይላቸውን ጠየቀ፤ እነርሱም ሰጡት። ፋይሉን ሲከፍት የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን ሳያካትት መቅረቱን አየ። በ2013 ኸርንደን ከሁለት መምህራኑ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ይህ ስሕተት ከሌሎች የመረጃ መረጣና የክብደት አሰጣጥ ጉዳዮች ጋር ሲታረም አማካዩ ወደ 2.2 በመቶ ዕድገት እንደሚለወጥ አሳየ። ከዚህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሰንጠረዡ ስሕተት ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ይበልጥ ያስተምራሉ እላለሁ፦ ተማሪው መጠየቁ፣ ደራሲዎቹም ፋይሉን መስጠታቸው። ፋይሉ ባይሰጥ ኖሮ ክርክሩ በግምት ላይ በቀረ ነበር።

በሁለቱም ታሪኮች የሁለተኛው ሰው ብቃት ከመጀመሪያው የበለጠ መሆን አላስፈለገውም። ያስፈለገው የመጀመሪያው ሰው ያመነውን ነገር አለማመኑ ነው። ስሕተትን የሠራው ዓይን ያንኑ ስሕተት ለማየት ይቸገራል፤ የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያነባልና። የአቻ እርዳታ እውነተኛ ዋጋም ከእጅ ፈጣንነት ይልቅ በዚህ ላይ ይገኛል።

አጠያየቅን መማር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ የሚታየው መደበቅ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ፈጽሞ አለመጠየቅ ነው፤ «ይህን እንኳ አያውቅም» እንዳይባል ሳምንታትን ብቻውን ይዳክራል። ሁለተኛው እየጠየቁ መደበቅ ነው፤ «አልሠራ አለኝ» ብሎ የሆነውን ሳይናገሩ መፍትሔ መሻት።

በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ አምስት ነገር ይይዛል። ምን ለማድረግ እንደታሰበ፣ በትክክል ምን ትእዛዝ እንደተሰጠ፣ ኮምፒዩተሩ ምን ብሎ እንደመለሰ ቃል በቃል፣ እስካሁን ምን እንደተሞከረ፣ በመጨረሻም ብልሽቱን ለማሳየት የሚበቃው ትንሹ ናሙና። አስቀድሞ የተጠቀሰው ተማሪ «ዳታቤዙ እምቢ አለኝ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር፦ «ከጤና ጣቢያ መዝገብ የተቀዳ ቀን እያስገባሁ ነው። ጥቅምት 28 ገባ፤ ጥቅምት 30 አልገባም፤ ኅዳር 30 ገባ። ሦስቱ ረድፎች እነዚህ ናቸው።» ይህን ያነበበ ሰው ቀርቶ የጻፈው ራሱ ምክንያቱን ለማየት ተቃርቧል። አንድሩ ሃንት እና ዴቪድ ቶማስ በ1999 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ችግሩን መስመር በመስመር ለጎማ ዳክዬ ስለሚያስረዳ ሰው ያወሱት በዚሁ ምክንያት ነው። አድማጩ ምንም ባይመልስ እንኳ ማስረዳት ራሱ ተናጋሪው የዘለለውን ደረጃ ያሳየዋል።

ትንሹን ናሙና ማዘጋጀት ሌላም ጥቅም አለው። የታካሚዎችን ወይም የመጠይቅ መላሾችን መረጃ የያዘ ተማሪ፣ ባልደረባው ብልሽቱን እንዲያይለት ብሎ ሙሉውን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ሊሰጥ አይገባውም። መላሾቹ ፈቃዳቸውን የሰጡት ለጥናቱ እንጂ ለጓደኛ ኮምፒዩተር አይደለም። ስም የሌላቸው፣ በእጅ የተፈጠሩ ሦስት ረድፎች ብልሽቱን ካሳዩ ምስጢሩም ይጠበቃል፤ ረዳቱም ከሺህ ረድፎች ይልቅ ሦስት ብቻ ይመረምራል።

የረዳቱም ድርሻ ሥርዓት አለው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ለውጡ ካልጠቀመ ወደነበረበት መመለስ፤ የሰሌዳውን መምቻ ከባለቤቱ እጅ አለመንጠቅ። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አዲሱን ተማሪ የሚያስቀጽለው ብዙ ጊዜ መምህሩ ራሱ ሳይሆን ነባሩ ተማሪ ነው። ነባሩ ግን ትምህርቱን በአዲሱ ፋንታ አይዘልቅለትም፤ አዲሱ ራሱ እስኪወጣው ያስደግመዋል። በኮምፒዩተር ክፍልም ተረጂው መፍትሔውን ራሱ ደግሞ ሊሠራው ካልቻለ እርዳታው አላለቀም።

መዝገቡ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት የተባለው ኮምፒዩተር ሠራተኞች በአንድ ሪሌይ ውስጥ የገባች የእሳት እራት አገኙ። የእሳት እራቷን አውጥተው በሥራ መዝገባቸው ላይ ለጠፏት፤ ሰዓቱን፣ የሪሌዩን ቁጥር 70ንና የፓነሉን ስም ጻፉ፤ እውነተኛ ተባይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነም በቀልድ አከሉበት። በእንግሊዝኛ «ተባይ» የሚለው ቃል ለመሣሪያ ብልሽት ማገልገል የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ ቀልዱም የሚያስቀው ለዚህ ነው። ያ ገጽ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ስለ ክስተቱ ሰዓቱንና ቦታውን ጭምር የምናውቀው የፈቱት ሰዎች ስለጻፉት ነው። እኛ በየሳምንቱ የምንፈታቸው ብልሽቶች ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይረሳሉ።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አጭር የብልሽት መዝገብ ይያዝ። ለአንድ ብልሽት አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ቀኑ፣ የታየው ምልክት፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተወሰደው እርምጃ፣ እርምጃው የነካው መረጃ። ሁለተኛ፣ እርምጃው መረጃን የነካ ከሆነ ነገሩ በዘዴው ምዕራፍ ይገለጽ፤ ሙሉ መዝገቡም በአባሪ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የረዳው ሰው በምስጋናው ክፍል ስሙና ያደረገው ነገር ይጻፍ። «በልዩ ልዩ መንገድ ለተባበሩኝ ሁሉ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ትሕትና ቢመስልም ማን ምን እንደሠራ ይሸፍናል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የተማሪውን ነጻ ሥራ ያዳክማል የሚል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የአንድ ሰው ብቃት መለኪያ ከሆነ ሌላው ሰው ለምን ይገባበታል? መልሴ ሌላው ሰው አሁንም ገብቷል የሚል ነው። ምርጫው በእርዳታና ያለ እርዳታ መካከል ሳይሆን በሚታይና በማይታይ እርዳታ መካከል ነው። መዝገብ የያዘ ተማሪ የራሱንና የረዳቱን ድርሻ ለይቶ ማሳየት ይችላል፤ ያልያዘው አይችልም።

ሁለተኛው፣ እርዳታው በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በየትምህርት ክፍሉ «እርሱ ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው አለ፤ የራሱ ጽሑፍ እየዘገየ የሌላውን ኮምፒዩተር ሲፈታ ያመሻል። ገበሬው ወንፈል ሲገባ የተቀበለውን የሥራ ቀን በሥራ ቀን ይመልሳል፤ የእኛ ልማድ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ከዚህም ሌላ እርዳታው በትውውቅ ስለሚገኝ አዲስ የመጣው፣ ከሥራ በኋላ በማታ የሚማረው ወይም ከጓደኞቹ ክበብ ውጪ የሆነው ተማሪ አያገኘውም። ለዚህ መፍትሔው እርዳታውን መቀነስ ሳይሆን ቦታና ሰዓት መስጠት ነው። የትምህርት ክፍሉ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለዚህ ቢመድብ፣ የረዱትን ሰዎች ሰዓት እንደ አገልግሎት ቢቆጥር፣ የተፈቱትንም ብልሽቶች በጋራ መዝገብ ቢያኖር፣ ያው ሰው ያንኑ ጥያቄ በየዓመቱ አይመልስም።

ሦስተኛው፣ ዛሬ ጥያቄን የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ስላሉ ባልደረባ አያስፈልግም የሚል ነው። መሣሪያዎቹ በእርግጥ ጠቃሚዎች ናቸው፤ በስክሪፕት ጉዳይ በተለይ። ሆኖም የሚመልሱት የተነገራቸውን ተመርኩዘው ነው። የጤና ጣቢያው መዝገብ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልተነገራቸው፣ ስለ እምቢተኛው ቀን ሲጠየቁ ያ ፈጣን ጓደኛ የሰጠውን መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። መዝገቡን አብሮ የገለጠው ባልደረባ ግን ሳይነገረው ያውቃል። ከመሣሪያ የተገኘ መፍትሔም ቢሆን ከሰው እንደተገኘው ሁሉ ሊመዘገብ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ብልሽት የምርምር እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መረጃችን እኛ እንዳሰብነው እንዳልሆነ የሚነግረን የመጀመሪያው መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን ለመስማት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰው እንዲጠቅም ደግሞ ጠያቂው በግልጽ ሊጠይቅ፣ ረዳቱ በትዕግሥት ሊመረምር፣ ሁለቱም ያደረጉትን ሊጽፉ ይገባል። አማካሪዎችም የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲቀበሉ «መረጃው ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ምን ተበላሽቶብህ ነበር? ማን ረዳህ? ምን ለወጣችሁ?» የሚለውን ቢያስቀድሙ፣ ተማሪው መልሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጻፍ ይለምዳል። የጥቅምት 30ውን ረድፍ አንሥቶ ምክንያቱን የሚፈልግ ተማሪም ያን ጊዜ ይገኛል።